የእማማ ኬኮ ጥፍር

በአሜሪካ ምድር የጃፓን የሐር መቀነት በጥፍሩ የሸመነ ሐበሻ ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። እሺ... «የሸመነ» በዝቷል። ክር የገፋ። የማታ ትምህርቴን ከጨረስኩ ወዲህ ቃል እየመረጥኩ ነው የምጽፈው።

እማማ ኬኮ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርትመንታችን ውስጥ ከቤቴ በር ፊት ለፊት የሚኖሩ ጃፓናዊት ናቸው። የልጅ ልጃቸው አሌክሳንድሪያ ከተማ ልትዳር ነው፤ ለሠርጓ ወገቧ ላይ የምታስረውን ሰፊ የሐር መቀነት እየሸመኑላት ነበር። አሸማመናቸው ጉድ ነው። ባለቀለሙን ክር በእንጨት አይመቱትም፣ በጥፍራቸው እየገፉ ያጠብቁታል። ለዚሁ ብለው ጥፍራቸውን ሞርደው እንደ መጋዝ ጥርስ አውጥተውለታል።

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ጋበዝኳቸው። ኔይል ሳሎን ጥፍር የምትሠራው የአጎቴ ልጅ ዘቢባም ነበረች። ለስላሳ ልገዛ ወረድ ብዬ ስመለስ... ዘቢባ የእማማን እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጥርሱን ሁሉ ሞርዳ አጥፍታ፣ ቀይ ቀለም ቀብታ እፍ እያለችበት ነው።

«ምን አደረግሽ አንቺ?»

«ጥፍራቸው ተሸራርፎ ሳየው አንጀቴን በሉት። ሰው የላቸውም እንዴ?»

«መሣሪያቸው ነው እኮ!»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

እማማ ኬኮ አንገታቸውን ደፉ። «እጄን አስታጠበችኝ። ከዚያ ጥፍሬን ያዘች። እናንተ ቤት ከምግብ በፊት እንዲህ የሚደረግ መሰለኝ» አሉ። ቀጥለውም ቀስ ብለው፣ «እስኪያድግ ሠርጉ ያልፋል።»

ደሜ ፈላ። ሰው ሳይጠይቅ የሰው ጥፍር ይሞርዳል?

ዘቢባ ደግሞ አታፍርም፣ «አርቴፊሻል ልለጥፍላቸዋ» አለች።

«ሐሩን ይበጥሰዋል» አሉ እማማ። ከዚያ ዓይናቸው እኔ እጅ ላይ አረፈ... ስንት ዘመን ተንከባክቤ ያሳደግኳት የትንሿ ጣቴ ጥፍር ላይ።

ይኸው እሷም ጥርስ ወጣላት። የሞረደችው ያቺው ዘቢባ ናት፣ እማማ እያሳዩዋት። አሁን ከሥራ ስመለስ እማማ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ እሳቸው ክሩን ያስገባሉ፣ እኔ እገፋለሁ። «ቀስ... ሐር ነው» ይሉኛል። መቀነቱ ለሠርጉ ይደርሳል።

የሚያንገበግበኝ ዘቢባ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ እየደወለች «ሙያ ያስያዝኩት እኔ ነኝ» ማለቷ ነው።

ቀዩን ቀለም ግን ወሬው ላይ እኔ ነኝ የጨመርኩት... መሞረዷ ብቻውን እንደኔ የሚያናድዳችሁ ስላልመሰለኝ።