አምባሰል በወንድሜ አካውንት

አባቴ ስትሮክ ከጣለው በኋላ የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ውሃ ሲጠማው "አምባሰል" ይላል፤ ጎኑን ሲያመው "አምባሰል" ይላል፤ ሰው "እንዴት አደርክ?" ሲለውም መልሱ ያቺው ናት። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ብለውታል። አእምሮው ግን አለ፤ ዓይኑን ያየ ሰው ያውቃል። ደሴ ያየው ሐኪም "ሁለተኛ ቃል ከመጣለት ሌላውም ሊከተል ይችላል፤ አናግሩት፣ የሚወደውን ዘፈን አሰሙት" ብሎን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና እናቴ ሐይቅ በሚገኘው ቤታችን ቁጭ ብለን ሁለተኛዋን ቃል መጠበቅ ያዝን።

የመጀመሪያው ጣጣ አምባሰል የሚለው የቱን እንደሆነ ማወቅ ነበር። የተወለደው አምባሰል ነው፤ ከውጫሌ ተነስቶ በእግር የሚኬድበት፣ መኪና የማይደፍረው ቁልቁለት ሥር ያለ መንደር። በሌላ በኩል ደግሞ ዕድሜውን የጨረሰው ገበያው ዳር በረንዳ ላይ ልብስ ሲሰፋ ነው፤ ከስፌት መኪናው አጠገብ የተቀመጠችው ቴፕም አምባሰልን ስትደጋግምለት ነው የኖረችው። ጎረቤታችን፣ አንዲት ትልቅ ሙስሊም ሴት ናቸው፣ "ወላሂ አገሩን ነው የሚለው፤ አፈሩን ማየት አምሮት ነው፤ ውሰዱት" አሉ። እናቴ "የግሸኗን! ዘፈኑን ነው እንጂ" ብላ ተከራከረች። እኔ መሃል ተቀምጬ ፈረድኩ፤ እውነቱን ለመናገር የፈረድኩት ለሚቻለው ነው። ግማሽ አካሉ የማይንቀሳቀስ ሰው ይዤ ያንን ቁልቁለት መውረድ አልችልም። ዘፈን ግን ይመጣል አልኩ።

ዘፈኑም ቢሆን እንዳሰብኩት አልቀለለም። ቴፕዋ ከሞተች ቆይታለች፤ ካሴቶቹም እርጥበት ገብቷቸው ክራቸው ተጣብቋል። በእኔ ስልክ እንዳላሰማው እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ጠዋት ወጥቼ ከሰዓት ነው የምመለሰው፣ ስልኩም አብሮኝ ይሄዳል። የእናቴ ስልክ ደግሞ ከመጥራት ሌላ ሙያ የላትም።

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። አባቴ ደሴ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ መጥቶ፣ አልጋው ራስጌ ቆሞ አልቅሶ፣ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መምጣት አልሆነለትም። ወይ ፈቃድ ይከለክሉታል፣ ወይ መንገዱ እስኪረጋጋ ይላል፣ ወይ ለበዓል ይላል፤ በዓሉም መጥቶ ያልፋል። ክፉ ሰው አይደለም። መምጣት ባቃተው ቁጥር ዕቃ ይልካል። ተሽከርካሪ ወንበር ላከ፣ የማያቆስል ፍራሽ ላከ፣ የደም ግፊት መለኪያ ላከ። ቤታችን ውስጥ እሱ ያልላከው ዕቃ የለም ማለት ይቻላል፤ የጎደለው እሱ ራሱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ደውሎ "በቃ ተገላገላችሁ" አለኝ። "በኢንተርኔት የዓለምን ዘፈን ሁሉ የሚያጫውት ስፒከር ልልክ ነው። ካሴት የለ፣ ፍላሽ የለ። እማዬ 'አምባሰል' ካለችው ይዘፍናል።"

"ሰው የሚለውን ይሰማል?" አልኩት።

"አዎ፣ ይሰማል" አለ፣ በኩራት።

ዕቃው በሚኒባስ ሹፌር እጅ እንደሚመጣ ተነገረኝ። ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ መናኸሪያ እሄድና ከደሴ የሚገባውን መኪና ሁሉ በር በሩን እያየሁ እቆማለሁ። ሹፌሩ ስልኩን አያነሳም፤ ሲያነሳ ደግሞ "ነገ" ይላል። የባጃጅ ልጆች መመላለሴን አይተው "መምህርት፣ ባል ነው የሚመጣው?" እያሉ ያሾፉብኝ ጀመር። "ባልማ ቢሆን በጊዜ ይደርስ ነበር" አልኳቸው። እቤት ስገባ እናቴ ባዶ እጄን ታይና ወደ አባቴ ትዞራለች። እሱም "አምባሰል" ይላል። አመለ ጥሩ ሰው አይደለሁም፤ በእነዚያ ቀናት ያቺን ቃል ስሰማ ጥርሴን ነበር የምነክሰው።

በመጨረሻ ካርቶኑ መጣ። ውስጡ ያለው ጠቆር ያለ፣ ከጣሳ የማይበልጥ ድምቡሽቡሽ ነገር ነው፤ እዚህ ግባ የሚባል ቁልፍ እንኳ የለውም። እናቴ አባቴ ራስጌ ካለችው ጠረጴዛ ላይ መድኃኒቱን ገለል አድርጋ አስቀመጠችውና ዳንቴል አለበሰችው። ዝግጅቱ ሁሉ ተሟላ። ኢንተርኔት ብቻ ነው ያልነበረው።

የቤት ኢንተርኔት ለማስገባት ሄጄ ስጠይቅ መስመሩ እኛ ሰፈር አልደረሰም፣ ወረፋ ያዢ አሉኝ። ያዝኩ። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ። አባቴ ጉንጩ ጎደጎደ። እናቴ በየቀኑ ከዳንቴሉ ላይ አቧራ ታራግፋለች። እኔ በየሳምንቱ እየሄድኩ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ፤ ሰውዬውም በትሕትና "እንደውላለን" ይለኛል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ ትሑትን ሰው ምን ብለው ይጣሉታል? አንድ ቀን ሳይደውሉ መጥተው መሰላል አቁመው ሽቦውን አስገቡ። በዚያው ቀን መብራት ጠፋ። ከዚያ በኋላ መብራቱ ሲመጣ ኔትወርኩ ይሄዳል፣ ኔትወርኩ ሲመጣ መብራቱ ይወጣል፤ እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት አንድ ክፍል ውስጥ አብረው አልቀመጥ አሉ።

የታረቁ ዕለት ሥራ ጀመርኩ። ስልኬ ላይ አፑን ጫንኩ። የሚለው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ያም ባልከፋ፣ አካውንቱ የወንድሜ ስለሆነ በየደረጃው የሚስጥር ቁጥር የሚልከው ለእሱ ስልክ ነው። እኔ ሐይቅ ቁጭ ብዬ እደውላለሁ፣ እሱ አዲስ አበባ በሹክሹክታ "ስብሰባ ላይ ነኝ" ይላል። ከስብሰባ ወጥቶ ቁጥሩን ሲነግረኝ ማሽኑ "ጊዜው አልፏል" ይለኛል። እንደገና ይልካል፣ እንደገና ያልፋል። እናቴ አባቴን ቀና አድርጋ፣ ፊቱን አጥባ፣ ነጭ ጋቢ አልብሳ አዘጋጅታዋለች። ሁለቱም እኔን ያያሉ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

ምሳ ካለፈ በኋላ ስፒከሩ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ቀረበች። እንግዳ ነውና አንቱ አለችው።

"ጤና ይስጥልኝ። እስቲ እባክዎ አምባሰል ያሰሙን።"

በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለ።

"ምን ይላል?"

"ይቅርታ፣ አልገባኝም ነው የሚለው።"

"ምን አጠፋና ነው ይቅርታ የሚለው?" አለችና ጮክ ብላ ደገመችለት። እሱም ይቅርታውን ደገመ። አባቴም ከአልጋው ሆኖ "አምባሰል" አለው። ለእሱም ይቅርታ ጠየቀው። አማርኛ እንደማይሰማ ገባኝ፤ ዓለምን ሁሉ የሚያውቀው ዕቃ አባቴ የቀረችውን አንዲት ቃል አያውቃትም። ልስቅ ነበር፣ እንባዬ መጣ።

በስልኬ መፈለግ ነበረብኝ። በላቲን ፊደል አምባሰልን አንዴ በአንድ ኤስ፣ አንዴ በሁለት፣ አንዴ በኤን እየጻፍኩ ፈለግሁ። ወጣ። ነካሁት። ክራሩ ጀመረ።

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። የግራ እጁ ጣቶች ብርድ ልብሱ ላይ ቀስ ብለው መምታት ጀመሩ፤ ልክ እንደ ድሮው፣ ጨርቅ እየለካ ሲያዳምጥ ጠረጴዛውን እንደሚመታው። እናቴ እልል አለች። ጎረቤታችን ሰምተው መጡ፤ በሩ ላይ ቆመው "አጃኢብ! ለካ ዘፈኑን ኖሯል" አሉ። ሁላችንም አፉን አፉን እያየን ሁለተኛዋን ቃል ጠበቅን። አልመጣችም። "አብሽሪ፣ ትመጣለች" አሉኝ ጎረቤታችን ሲወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳጠልቅ አምባሰሉ መሃሉ ላይ ተቆረጠ፤ ወዲያው ቤቱን የሚያናውጥ የፈረንጅ ጭፈራ ፈነዳ። እናቴ "በስመ አብ!" ብላ ድስት ከእጇ ለቀቀች። ጭፈራው ትንሽ ጮኾ ጸጥ አለ። አባቴ ዓይኑን ገልጦ በሩን ያያል። ተበላሸ ብዬ ለወንድሜ ስደውል በሳቅ ፈረሰ። መኪናው ውስጥ ነው።

"እኔ ነኝ! ወደ ሥራ ስሄድ የማዳምጠውን ከፍቼ ነው። አካውንቱ አንድ ስለሆነ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ስከፍተው መጀመሪያ እናንተ ጋ ይጮሃል፣ ከዚያ ነው ወደ መኪናዬ የማዞረው።"

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። ጠዋት አምባሰል ይጀምራል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ጭፈራው ይፈነዳል፣ ከዚያ ዝምታ ይሆናል። እኔ በእረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ግቢ በስልኬ መልሼ አስነሳለታለሁ። ከሰዓት ወንድሜ ከሥራ ሲወጣ እንደገና ይቆረጣል። እናቴ ግን ወደደችው። ጭፈራው ሲጮህ "መጣ! ልጅህ መኪና አስነሳ" ትለዋለች አባቴን። ሲዘገይ "ምነው ዛሬ? አሞት ይሆን?" ትላለች። እሁድ ሳይጮህ ሲውል "ዛሬ አርፏል፣ ይተኛ የኔ ዓለም" ትላለች። አባቴ ደግሞ በጮኸ ቁጥር ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል፤ የግራ እጁን ከብርድ ልብሱ ላይ ያነሳል፤ ለመነሳት የሚታገል ይመስላል። ረበሸው ብዬ አንጀቴ አረረ።

ወንድሜን በስልክ ተጣላሁት። "ለአባባ የላክኸውን መልሰህ ለራስህ ትወስደዋለህ? ሐኪሙ ያለውን ረሳኸው? ዘፈኑ በተቆረጠ ቁጥር እኮ ቃሉም አብሮ ይቆረጣል!" አልኩት። አፈረ። ለእኛ ብቻ የሚሆን ሌላ አካውንት አወጣ። እንደገና የሚስጥር ቁጥር፣ እንደገና "ጊዜው አልፏል"፣ እንደገና መብራት፤ ብቻ አንድ ቅዳሜ ተሳካልኝ። አንድ ነገር ጨርሼ ያስተካከልኩ መስሎኝ በዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር እቤት ነበርኩ። አባቴን ቀና አድርጌ አምባሰሉን ከፈትኩለት። እናቴ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። ዘፈኑ ጥርት ብሎ ይወርዳል። ወንድሜ ሥራ የሚሄድበት ሰዓት ደረሰ፤ አምባሰሉ ቀጠለ። አንዱ አልቆ ሌላው ተተካ። አባቴ ስፒከሩን አየ፣ በሩን አየ፣ እንደገና ስፒከሩን አየ። ጣቶቹ መምታታቸውን አቆሙ። ግራ እጁ ተነሳ። "ምነው አባባ? ውሃ ላምጣ?" አልኩት። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ አንገቱ ላይ ሥሩ ተገተረ።

"ልጄስ?" አለ።

ጮህኩ። እናቴ አረፋ በያዘ እጇ ሮጣ ገባች። "ተናገረ! ተናገረ!" ስላት እልልታውን ለቀቀችው፤ ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤታችን "አልሐምዱሊላህ!" ተሰማ። እናቴ ጎንበስ ብላ "ምን አልክ ዓለሜ? እስቲ ድገመው" አለችው።

"ልጄስ?" አላት፣ በሩን እያየ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "ዛሬ አልጮኸም እንዴ?"

"አስተካክዬዋለሁ እኮ እማዬ። ከእንግዲህ አይጮህም።"

እጇን በቀሚሷ አበሰችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ለወንድሜ ደወልኩ። "አባባ ተናገረ" አልኩት። የመኪናው ሞተር ሲጠፋ ይሰማኛል። "ምን አለ?" አለኝ። "ልጄስ አለ። ወደ በሩ እያየ ልጄስ አለ። ሙዚቃህ ሲጮህ የመጣህ ይመስለው ነበር። ና" አልኩት። ማልቀሱ ተሰማኝ። እኔም አልቀስኩ፤ ተቆጥቼው የማላውቀውን ያህል ተቆጥቼ፣ አዝኜለት የማላውቀውን ያህልም አዘንኩለት። "እጠይቃለሁ፤ ፈቃድ እጠይቃለሁ። በዚህ ወር ግን የሚለቁኝ አይመስለኝም። መንገዱንም ታውቂዋለሽ" አለ። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

"አካውንቱን እንደ ድሮው ልመልሰው እንዴ?" አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

አባቴን አየሁት። እጁ እንደተነሳ ነው፤ ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም።

"መልሰው" አልኩት።