«መጡ» ያልኩ ዕለት

የመጀመሪያ ቀን ሥራ ስገባ ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ ከኮቴ ሥር ሹራብ ለብሼ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ሌላ ሹራብ ይዤ ነበር። የበረዶ ሜዳ ነው ስለተባልኩ ብርዱ ያሳምመኛል ብዬ ፈርቻለሁ። በሩ ላይ የተቀበሉኝ ጋሼ ተፈራ ሲያዩኝ ሳቁ።

«ዘነበች፣ ሥራ ነው የመጣሽው ወይስ አላስካ?»

ሥራውን ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ባለው የበረዶ ሆኪ አዳራሻችን ዘበኛም፣ የፓርኪንግ ተቆጣጣሪም፣ ሰው ሲጎድል ቲኬት ቆራጭም ነበሩ።

ከዚያ በፊት ግሮቭፖርት መጋዘን ውስጥ ካርቶን አነሳ ነበር። ወገቤ እምቢ አለ። ልጄን ሶስናን ብቻዬን ነው የማሳድገው፤ እኔ ከተኛሁ ቤቱን የሚይዝ የለም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ሥራ ማማረጥ አልችልም ነበር። መጠንቀቅ ግን እችላለሁ። ከቤት ስወጣ ምድጃውን አይቼ፣ ቆልፌ፣ ደረጃ ወርጄ፣ ተመልሼ በሩን እንደገና የምገፋ ሰው ነኝ።

አለቃችን ግሌን ይባላል። ረጅም፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። የዚያን ቀን መወልወያና የእጅ ሬዲዮ ሰጠኝ። «መወልወያው ቢጠፋ ሌላ እሰጥሻለሁ» አለኝ። «ሬዲዮው ግን ከአንቺ እንዳይለይ። ስጠራሽ መልሺ።»

በሁሉም ነገር እንደታዘዝኩት ነው ያደረግኩት። ግሌን የሚጠራኝ ዜኒ ብሎ ነው። ሬዲዮው «ዜኒ፣ የት ነሽ?» ሲል ከአፉ ነጥቄ «አይ ኬም!» እላለሁ፤ መጣሁ ማለቴ ነው። ባልዲዬን ይዤ እሮጣለሁ። ስደርስ ግሌን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያየ ይፈልገኛል። አይቆጣም፤ ፊቱ ግን ይከብዳል። የዘገየሁ እየመሰለኝ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ እሮጥ ነበር።

ሳጸዳ ዓይኔ ከበረዶው ላይ አይነሳም። በረዶ ሲባል እኔ የማውቀው ከሰማይ የሚወርደውንና ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ነው። ይሄ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ፣ ከሥሩ የተቀባው ሰማያዊና ቀይ መስመር የሚታይበት ነው። ማን ነው የሚሠራው? ከምን? አንድ ቀን በረዶውን እየላገ የሚያለሰልሰው ትልቅ ማሽን ከኋላው እንፋሎት እየለቀቀ ሲዞር አይቼ የሚነዳውን ልጅ ጠየቅኩት።

«ውሃው ሙቅ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ በጣም ሙቅ ነው።»

«በረዶ ላይ?»

«በረዶ ላይ።»

ቀኑን ሙሉ ስገረም ዋልኩ። ኋላ እንደተማርኩት ሙቅ ውሃ የላይኛውን በረዶ ትንሽ አቅልጦ ከሥረኛው ጋር ይያያዛል። ቀዝቃዛ ውሃ ቢሆን እላዩ ላይ ተለጥፎ ይቀርና የመንሸራተቻ ጫማ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል።

በዚያ መጠየቅ ነው ከጽዳት ወጥቼ የማሽን ነጂዎቹ ረዳት የሆንኩት። ረዳት ማሽን አይነዳም። ማሽኑ የማይደርስበትን ዳር በትንሿ መላጫ ይልጣል፤ ተጫዋቾች የቆፈሩትን ቀዳዳ በራሰ በረዶ ሞልቶ በእጁ ይደመድማል። የማሽኑ ምላጭ ሲቀየር አንዱን ጫፍ ይይዛል። ምላጩ ከሰው የሚረዝም ነው፤ ያለ ወፍራም ጓንት የሚነካው የለም። እኔ ሁለት ጓንት ደርቤ ነበር የምይዘው። «ይቺ ሴትዮ ሁሉን ነገር ደርባ ነው» ይሉ ነበር ጋሼ ተፈራ።

ቀጥሎ ግሌን ራሱ መንዳት አስተማረኝ። መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ ቀጥሎ ወደ መሀል። አዲሱ መስመር የበፊቱን ትንሽ መርገጥ አለበት፤ አለበለዚያ በመካከል ደረቅ ጭረት ይቀራል። ውሃ ተከፍቶ መቆም የለም፤ ከቆምሽ በረዶው ይጎደጉዳል። የተላገው በረዶ ከኋላ በር ውጪ ይደፋል። በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀት ፓርኪንጉ ላይ የበረዶ ክምር ቆሞ ላየ ሰው የእኛ ሥራ ነው። ጋሼ ተፈራ ስሜን ይዘው ይቀልዱብኝ ነበር። «ያንቺ ነገር ዘነበች ብቻ መስሎኝ፣ ለካ በረዶም ጥላለች!»

ማሽኑን የምነዳው ቅዳሜና እሁድ ጠዋት፣ ሕዝቡ ለሚንሸራተትበት ሰዓት ብቻ ነበር። ቋሚ ኦፕሬተር መሆን ነበር የምፈልገው። ቋሚ የሆነ ፉል ታይም ነው፤ ኢንሹራንስ አለው፤ ወደ ካርቶኑም አይመለስም። ቦታው ሁለት ጊዜ ተከፈተ። ሁለቱንም ጊዜ ግሌን ከእኔ በኋላ ለመጡ ልጆች ሰጠው። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። እንግሊዝኛዬ ነው፣ ዕድሜዬ ነው እያልኩ በልቤ መለስኩት።

ወሬው የመጣው በዚያ ክረምት ነው። መሀል ከተማ ባለው ትልቁ አዳራሽ የወንዶቹ ቡድን ይጫወታል፤ ያ የታወቀ ነው። አሁን ግን አንድ የሴቶች ፕሮፌሽናል ቡድን በሌላ ከተማ አዳራሹን ሊያጣ ነው፤ አዲስ ከተማ እየፈለገ ነው ተባለ። ከዚያ የእኛ ከተማ ሰው መገመት ጀመረ። ኮሎምበስ ይመጣሉ። አይ፣ አይመጡም። ከመጡ ልምምዳቸው የት ይሆናል? በእኛ አዳራሽ ነዋ።

ሶስና ሆኪ የማታውቅ ልጅ ቡድኑን በስልኳ መከታተል ጀመረች። ደጋፊዎቹ የሚጽፉትን እያነበበች በእንግሊዝኛ ትነግረኛለች። «ማም፣ መልበሻ ክፍሉን ቀለም ቀብታችኋል?»

«አዎ፤ ሻጋታ ነበረው።»

«እነሱ ለቡድኑ ነው ይላሉ።»

ቀለም ብንቀባ ለቡድኑ ነው። አምፖል ብንቀይር ለቴሌቪዥን ካሜራ ነው። የተሰበረ ወንበር ብንነቅል ለክብር እንግዶች ቦታ እየተዘጋጀ ነው። እኔ ራሴ የሠራሁትን ሥራ እነሱ ሲያስረዱኝ ደስ ይለኝ ነበር። እውነት ይሆን እንዴ እያልኩ የነቀልነውን ወንበር ቦታ ሄጄ አየሁት።

ከሁሉም የባሰው ሪክ ነበር። ድሮ በክሊቭላንድ አቬኑ መስመር አውቶቡስ ይነዳ የነበረ ጡረተኛ ነው። ሊንደን ስለምኖር ብዙ ጊዜ በሱ አውቶቡስ ተሳፍሬ እንደነበር ኋላ ነው ያወቅነው። የልጅ ልጁ ሆኪ ትጫወታለች። ማሽኑ የሚወጣበት በር አጠገብ፣ ሜዳውን ከከበበው መስተዋት ሥር ተቀምጦ ሁሌ ያንኑ ይጠይቀኛል።

«ዜኒ፣ ይመጣሉ?»

«ግሌንን ጠይቅ።»

እንደዚያ እንድንል ታዘናል። ግሌን ሰብስቦን «ስለ ቡድኑ የሚያወራ ሠራተኛ እዚህ አይሠራም» ብሎናል። ከዚያ ደግሞ ወደ እኛ ወደ በረዶ ሠራተኞቹ ዞሮ «ቢመጡም ባይመጡም በጸደይ አንድ ቋሚ ኦፕሬተር እጨምራለሁ» አለ። ቡድኑ ከመጣ ደግሞ ሁለት መሆኑ አይቀርም ብዬ አሰብኩ። እኔም እንደ ሪክ መገመት ጀመርኩ ማለት ነው። አፌን ግን ዘጋሁ።

አንድ ጠዋት ስንገባ እርጥበት የሚመጥጠው ማሽን ተበላሽቶ አዳራሹን ጉም ሞልቶታል። ከአንዱ ጎል ሌላው ጎል አይታይም። ከጣሪያው ውሃ በረዶው ላይ ይንጠባጠባል፤ የወደቀበት ቦታ ጉብ ይላል። በመላጫ ስልጠው ሌላ ይወድቃል። ግሌን በሬዲዮ «ቴክኒሻኖቹ መንገድ ላይ ናቸው» አለን። ከሰዓት ልጆች ጨዋታ አላቸው። ጉብ ባለ በረዶ ላይ አንዷ ብትሰበርስ? ሐሳቤ እሱ ብቻ ነበር።

ሪክ ከመስተዋቱ ማዶ አንኳኳ። «ዜኒ! ይመጣሉ?»

ቀና እንኳን አላልኩም። ስለ ቴክኒሻኖቹ የጠየቀኝ መስሎኝ «ዘይ ኬም! ዘይ ኬም!» ብዬው ጣሪያው ወደሚያፈስበት ሮጥኩ። መጡ፣ አሁን ደረሱ፣ አይዞህ ማለቴ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሶስና ደወለች። «ማም፣ ምንድን ነው ያልሽው?»

«ለማን?»

«የደጋፊዎቹ ገጽ ላይ ተጽፏል። የበረዶዋ ሴትዮ መጥተዋል አለች ይላል። ሰው ሁሉ ወደ እናንተ እየሄደ ነው!»

በኋለኛው በር ብቅ ብዬ ሳይ ጋሼ ተፈራ ፓርኪንጉ መሀል እጃቸውን እያወናጨፉ መኪና ያሰልፋሉ። ሰዎች ማሊያ ለብሰው ይወርዳሉ። አንዲት እናት ሦስት ሴት ልጆቿን የሆኪ ዱላቸውን አስይዛ መጥታለች። ልክ በዚያን ሰዓት ቴክኒሻኖቹ ደረሱ። ንጹሕ ጥቁር ጃኬት የለበሱ፣ ሻንጣ የያዙ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሕዝቡ አጨበጨበ።

አንደኛው ግራ ገብቶት እጁን አወዛወዘ። ውስጥ ገብተው ግድግዳውን በሜትር ሲለኩ ስልክ ሁሉ ተነሣ። ሪክ ቀርቦ «መቼ ነው የሚጀመረው?» አለው።

«ዕቃው ከደረሰ ዛሬውኑ እንገጥማለን።»

«ዕቃቸው እየመጣ ነው!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

ጋሼ ተፈራ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «አንቺ፣ ከማን ጋር ነው የሚገጥሙት?»

«ጋሼ፣ አያስቁኝ፤ ዛሬ መባረሬ ነው።»

ግሌን ለሕዝቡ እውነቱን ተናገረ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። ከሦስቱ ትንሿ ልጅ አለቀሰች። ከዚያ ግሌን እኔንና ጋሼ ተፈራን ቢሮ ጠራን። እሳቸውን ስለ ፓርኪንጉ፣ እኔን ስለ ቃሌ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዜኒ፣ ማንም አልመጣም። ለምን መጡ አልሽ?»

«ስለ ቴክኒሻኖቹ የጠየቀኝ መስሎኝ ነው።»

«እነሱም ያን ጊዜ አልመጡም ነበር።»

«ሊመጡ ነበራ።»

«ታዲያ ለምን መጡ አልሽ?»

እሱ የሚጠይቀኝ ነገር ምን እንደሆነ አልገባኝም። መጡ ነው ያልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል? በልቤ ግሮቭፖርት ታየኝ፤ ካርቶኑ፣ ወገቤ።

ያኔ ከውጭ አንድ ሹፌር የጋሼ ተፈራን ስም ጠራ፤ መኪናው ተዘግቶበታል። እሳቸው ብድግ አሉና ለግሌን እጃቸውን ከፍ አድርገው «አይ ኬም፣ አይ ኬም» እያሉ ወጥተው ሄዱ።

ግሌን በሩን አየ። እኔን አየ። «የት ነው የሚሄደው?»

«ይመለሳሉ። ጠብቀኝ ማለታቸው ነው።»

«መጣሁ ነው ያለው።»

«አዎ፤ መጣሁ ነዋ።»

«እየሄደ?»

«ሲሄዱ ነው እንጂ የሚባለው! ቁጭ ብሎ መጣሁ የሚል ማን ነው?»

ግሌን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሬዲዮ አንሥቶ አየውና መልሶ አስቀመጠው።

«ዜኒ፣ ሬዲዮ ላይ የት ነሽ ስልሽ አይ ኬም የምትይኝስ?»

«እየሮጥኩ ነዋ።»

«እኔ ደርሻለሁ ያልሽኝ ይመስለኝ ነበር። እዞራለሁ፣ የለሽም። ሁልጊዜ መጣሁ ትያለሽ፣ ሁልጊዜ የለሽም። ማሽኑን የምሰጠው ሰው በሬዲዮ እውነቱን የሚነግረኝ መሆን አለበት። ሌላ ሰው በረዶው ላይ እያለ ደረስኩ፣ ወጣሁ ብሎ የሚዋሸኝ ሰው አንድ ቀን ሰው ይገድላል። ሁለቱንም ጊዜ ያለፍኩሽ ለዚህ ነው።»

ማልቀስም መሳቅም አማረኝ። ያን ሁሉ ጊዜ እንግሊዝኛዬ ጎዶሎ ሆኖ ነው ስል፣ ለካ እንግሊዝኛው ምንም አልጎደለውም፤ አማርኛ ነው የተናገርኩበት።

ጋሼ ተፈራ በሩን ከፍተው ገቡ። «መጣሁ» አሉ በአማርኛ።

«አሁን ነው የመጣው?» አለ ግሌን።

«አሁን ነው» አልኩት።

ከሰዓት ጉሙ ለቀቀ። ግሌን ልጆቹ ለጨዋታ ከመግባታቸው በፊት በረዶውን እንድሠራ አዘዘኝ። የቀሩት ደጋፊዎች ከመስተዋቱ ማዶ ተደርድረው ያያሉ። ሜዳው በር ላይ ቆሜ ሬዲዮውን አፌ አጠገብ አደረግኩ። «ማሽኑ በሩ ላይ ነው። ገና አልገባሁም። በረዶው ላይ ሰው አለ?» አልኩ። «የለም፣ ግቢ» አለኝ። ስጨርስ «ወጥቻለሁ፣ በሩ ተዘግቷል» አልኩ፤ በሩን ከዘጋሁት በኋላ።

በጸደይ ቋሚ ኦፕሬተር ሆንኩ። ቡድኑ አልመጣም። ሌላ ከተማ ሄዱ የሚል አለ፤ ገና አልወሰኑም የሚልም አለ። ሪክ አሁንም መስተዋቱ ሥር ተቀምጦ ይጠይቀኛል። እኔም ግሌንን ጠይቅ እለዋለሁ። እኔ ራሴ ግን ፓርኪንጉ ላይ የማላውቀው ትልቅ አውቶቡስ ሳይ ማን ይሆን ብዬ ብቅ ማለቴን አልተውኩም።

አዲስ ረዳት ሲመጣ የማስተምረው እኔ ነኝ። የአገሬ ልጅ ከሆነ ከምላጩ በፊት ሬዲዮውን አሳየዋለሁ። ስትጠራ መጣሁ አትበል፤ ያለህበትን ቦታ ተናገር።