ለእግሩ የሰፋ ጫማ

የአደን መሪው ሽማግሌውን ደንበኛ ገና ከመኪና ሲወርዱ ጀምሮ አላመናቸውም። በሃያ ዓመት ሥራው ያየው አዳኝ ሁሉ ሻንጣውን ሳያወርድ የሚጠይቀው ስለ ቀንድ ርዝመት ነው። እኚህ ሰው ግን ስለ ቀንድ ትንፍሽ አላሉም።

ወደ ተራራው ከመውጣት በፊት እንደ ደንቡ ኢላማ ተተከለና ሦስት ጥይት ተሰጣቸው። ሦስቱንም ሳቱ። ቅር እንኳ አላላቸውም፤ ጠመንጃውን እንደ ውሰት ዕቃ ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

«የጠመንጃው መነጽር ተዛንፎ ይሆናል፤ ላስተካክልልዎት» አለ መሪው።

«ተወው ልጄ፣ አትድከም። ይልቅ ገደሉ በየት በኩል ነው?»

«እዚያ እኮ የሚታደን አውሬ የለም።»

«ግድ የለም፤ በዚያ እንሂድ።»

‘እኚህ ሰውዬስ ጤናም የላቸው’ አለ በሆዱ፤ ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ይመረምራቸው ጀመር። ጃኬታቸው አዲስ ነው፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ ከእጅጌው አልተነቀለም። ጫማቸው ግን ያረጀ፣ ለእግራቸውም የሰፋ ነው። አጎንብሰው ማሰሪያውን ሲያጠብቁ፣ በግራው ጫማ ጎን በቀይ ሲባጎ የተሰፋ ቅዳድ ታየ።

ስፌቱ የመሪው የራሱ እጅ ሥራ ነበር። አምና ከዚያ ገደል ሬሳው ለወጣው ወጣት አዳኝ፣ ወደ ተራራው በሚወጡበት ዋዜማ፣ «አይዞህ፣ ያዛልቅሃል» እያለ የሰፋለት ነው።

ሽማግሌው ቀና ብለው ዓይን ዓይኑን አዩት።

«ለልጄ እንዳልከው፣ እኔንም ያዛልቀኛል ትላለህ?»