ድንቅነሽን ብቻ ያልሸተታት

እህቴ ድንቅነሽ ዕድሜዋን ሙሉ ወናጎ ገበያ ቆጮ ስትሸጥ ኖራለች። ቆጮው የሚብላላበትን ጉድጓድ የሸፈነውን የእንሰት ቅጠል ገለጥ አድርጋ፣ አሽትታ፣ «ገና ነው» ወይም «ደርሷል» ካለች አለቀ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያምነው በእሷ አፍንጫ ነው። ስኳር ከያዛት በኋላ ግን ያ አፍንጫ ቀስ በቀስ ከዳት። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ቆጮ ሻጭ «አይሸተኝም» ብትል ማን ይገዛታል?

ዘንድሮ ደንበኞቿ አጠገቧ ሲደርሱ ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር። ቤተክርስቲያንም አብረዋት የሚቀመጡት ሴቶች ፈንጠር ፈንጠር አሉ። እሷ «ቆጮዬ ተበላሽቷል» ብላ ደመደመች። ጎረቤቷን ሙሉነሽን ጠርታ «እስቲ አሽቺልኝ» አለቻት።

«ኧረ ግሩም ነው!» አለች ሙሉነሽ፣ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና። ድንቅነሽ ቃሏን አላመነችም፤ የተሸፈነውን አፍንጫ ነው ያየችው። ያን የመሰለ ቆጮ ከጉድጓድ አውጥታ ደፋችው። ሰው ግን መሸሹን አልተወም።

እኔ የምኖረው ዲላ ነው። ልጠይቃት ሄጄ ገና በሩን ስገባ መጥፎ ሽታ ተቀበለኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «አንቺ! ምንድን ነው የሚሸተው? አይጥ ሞቶብሻል እንዴ?» አልኳት።

ደነገጠች። «ቆጮው ነው አይደል?» አለች በቀስታ።

«የምን ቆጮ ነው እንዲህ የሚሸተው!» እያልኩ አልጋ ሥሩን፣ ጓዳውን ሁሉ በረበርኩ። ምንም የለም። ወደ እሷ ስመለስ ነው ሽታው የባሰው። ጎንበስ ብዬ የጎማ ጫማዋን አወለቅኩ። ወይ አምላኬ! ምስማር ጫማውን በስቶ ውስጥ እግሯን ወግቷታል፤ ቁስሉ ጠቁሮ መግል ይዟል።

«አያመኝም እኮ» አለችኝ፣ እንደ ልጅ ዓይን ዓይኔን እያየች። ለካ ስኳሩ የወሰደው አፍንጫዋን ብቻ አይደለም።

ዲላ ይዣት መጣሁ። ሐኪሙ «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ቁስሉን አጽድተን እናተርፈው ነበር» አለን። እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ።

ሙሉነሽና የቤተክርስቲያን ሴቶች ሊጠይቋት መጡ። ጸለዩ፣ አለቀሱ። እኔ እሳት ሆኛለሁ። «ሸቶሽ ነበር አይደል?» ብዬ ሙሉነሽን አፋጠጥኳት።

አንገቷን ደፋች። «ሁላችንም ሸቶናል። ከእሷ መሆኑንም አውቀናል። ግን እንዴት ተብሎ ይነገራል? ትቀየመናለች ብለን ፈራን።»

ድንቅነሽ ብርድ ልብሱን ወደ ታች ሳብ አደረገች።

«ብቀየማችሁ እኮ እንታረቅ ነበር» አለች።