ሻንጣዬ ቀድሞኝ የገባ ጊዜ

ባለቤቴን ሳገባት ምጽዋ ወስጄ ባሕር አሳይሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። ዛሬ ነገ ስል ምጽዋ ራሷ ሌላ አገር ሆነች። እኔም በመንግሥት ለውጥ አሳብቤ ዝም አልኩ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ መሥሪያ ቤቴ ናይሮቢ ለጉባኤ ላከኝ። ስለ ጎተራ ነቀዝ የአሥር ደቂቃ ጽሑፍ ላቀርብ ነው። የላፍቶ ጎረቤቶቼ ግን እንደ አምባሳደር ሸኙኝ፤ እኔም ክራቫቴን እየነካካሁ አላስተባበልኩም። ጉባኤው አምስት ቀን ነበር። ለባለቤቴ ስምንት ነው አልኳት። በሦስቱ ቀን ሞምባሳ ወርጄ ባሕር ላይ ልዝናና አስቤያለሁ። "ቃል የገባሁልሽን ባሕር ብቻዬን ላየው ነው" የምልበት አፍ ከየት ላምጣ?

ጉባኤው ሲያልቅ አብሮኝ የሄደው ባልደረባዬ ወደ አገር ቤት ተመለሰ። እኔ ባቡር ላይ ቀለል ልበል ብዬ ሻንጣዬን አስያዝኩት። "ቢሮ አስቀምጥልኝ" አልኩት። ነቀዝን ከነዘር ማንዘሩ አውቃለሁ፤ ያን ሰው ግን አላወቅኩትም። ሲበዛ ጨዋ ነው፤ የሰው ዕቃ ቢሮ ጥሎ እንቅልፍ አይወስደውም። እሑድ ገና ሲነጋጋ፣ መኪና ያለውን አለቃችንንና ቤቴን የሚያውቁትን ሽማግሌ ሒሳብ ሹም ይዞ በራችንን አንኳኳ። ብርድ ስለነበር ሦስቱም ጋቢ ተከናንበዋል።

እንግዲህ አስቡት። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ የሚያረዱትም ጋቢ የለበሱ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ባለቤቴ በሩን ስትከፍት ሦስት ጋቢና ባለቤቱ የሌለ ሻንጣ ቆመዋል።

"አይዞሽ፣ ደህና ነው፤ ትንሽ ቆየት ብሎ ነው" አሏት ሽማግሌው።

ከዚህ የባሰ ነገር ሊናገሩ አይችሉም ነበር፤ መርዶ ሁሉ የሚጀመረው እንዲህ ነውና። ጩኸቷ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ባልደረባዬ "ኧረ ባሕር ሊያይ ነው የቀረው!" እያለ ቢምል ቢገዘት ማን ይመነው? እንዲያውም አንዷ ጎረቤታችን "ባሕር በላው!" ብላ ደረቷን ትደቃ ጀመር። የእድሩ ድንኳን ተተከለ።

እኔ በዚያ ሰዓት ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ውሃው ውስጥ ቆሜያለሁ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። ረፋዱ ላይ ግን ኅሊናዬ ቆረቆረኝና የእድራችን ዳኛ ቤት ደወልኩ፤ በአካባቢው ስልክ ያላቸው እሳቸው ነበሩ። ድምፄን ሲሰሙ "በስመ አብ!" ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ሁለተኛ ስደውል ባለቤቴን አስጠሩልኝ።

"ስብሰባው እንዴት እንዳደከመኝ!" አልኳት፣ ከሱሪዬ ውሃ እየተንጠባጠበ።



"ሻንጣህ ደርሷል" አለችና ዘጋችው።

የቀረውን ጊዜ ባሕሩ ፊት እንደተቀጣ ተማሪ ተቀምጬ ጨረስኩት። ማክሰኞ ቤቴ ስገባ ጥቁር ቀሚሷ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

"ባሕሩስ እንዴት ነው?" አለችኝ።

መንገዱን ሙሉ ሳዘጋጀው የመጣሁት ወሬ ነበረኝ። ሁሉም ጠፋብኝ።

"ውሃ ነው" አልኳት።

"ውሃማ ቦኖውም ጋ አለ።" ጀሪካኑን አቀበለችኝ።

ቦኖው ጋ ያለቀሱልኝ ሴቶች ተሰልፈው ጠበቁኝ። "አሳልፉት፣ ከሞት የተነሣ ሰው ወረፋ አይጠብቅም!" አለች አንዷ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም የሳቅኩ መሰልኩ።

ስመለስ ባለቤቴ በር ላይ ቆማለች። ጀሪካኑን ተቀበለችኝ።

"ልትወስደኝ አቅሙ እንደሌለህ አውቃለሁ" አለች። "ብትነግረኝ ግን እዚሁ ሆኜ አብሬህ አየው ነበር።"

ሁለተኛውን ጀሪካን አንሥቼ ተመልሼ ወጣሁ።