የደሴቱ ስንቅ

መካነ ሰላም አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የባዮሎጂ መምህራችን የክበባችንን ልጆች ስምጥ ሸለቆ ወዳለ አንድ ብሔራዊ ፓርክ ሊወስዱን ተነሡ። ሐይቁ መሃል ትልልቅ የውሃ ወፎች የሚፈለፍሉበት ደሴት አለ አሉን። ከደሴ አልፌ ስለማላውቅ በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። የክበባችን አባል የሆነው ታላቅ ወንድሜም እንቅልፍ አጥቶ ነበር፤ የሱ ግን ከደስታ አልነበረም። ዕድሜው ለብሔራዊ ውትድርና ደርሷል። ከፓርኩ ላይመለስ፣ በዚያው ወደ ደቡብ ሊጠፋ ቆርጧል። ይህን የነገረው ለእኔ ብቻ ነው።

ጣጣውን ያመጣችብን እናታችን ናት። አባታችን መሪጌታ ናቸው፤ በእኛ ቤት ደሴት የሚሄድ ሰው ገዳም ሊሳለም ነው የሚሄደው። ወፍ ልናይ ነው ብንላት አላመነችንም። ገዳም ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም። ለመነኮሳቱም ጭምር ብላ ገብስ ቆላች፣ ጎረቤቶቿን ሰብስባ ወቀጠች፣ በሶውን ስልቻ ሙሉ አደረገችው። መነኩሴ የለም ብንላት፣ ለምነን ብናያት፣ ወይ ፍንክች። ያን ሰሞን ያን ያህል በሶ የሚያሰናዳ ቤት ልጁን ሊያሸሽ ነው ተብሎ ይጠረጠር ነበር፣ የሙቀጫው ድምፅ ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ አዳርሷል። በእናቴ ላይ እንደዚያ ጊዜ ተናድጄ አላውቅም።

የይለፍ ወረቀት ልንጠይቅ ከአባታችን ጋር ቀበሌ ስንሄድ ሊቀመንበሩ ስለ ስልቻው ሰምቶ ጠበቀን። እንደ ወትሮው ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። በደህና ድምፅ ሰላምታ ሰጠን፣ የእናታችንን ጤና ጠየቀ፣ ለመነኮሳት ስንቅ መቋጠሯ መልካም ነው አለ። ከዚያ ወንድሜን ከእግር እስከ ራሱ አየውና ወደ አባቴ ዞረ።

«መሪጌታ፣ ልጅቷ ትሂድ። ይኼኛው ካልተመለሰ ግን ማንን ልያዝ?»

ወንድሜ መሬት መሬቱን ያያል። አባቴ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለስ አድርገው፣

«እኔን ያዝ» አሉ።

ዋስ ሆነው ፈረሙ። ወንድሜ ከቀረ እሳቸው ይታሰራሉ ማለት ነው፤ ያኔ የታሰረ ሰው መቼ እንደሚፈታ ጠይቆ መልስ የሚያገኝ አልነበረም። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከፊታችን ቀድመው ሄዱ።

በጉዟችን ማለዳ ወንድሜ ስልቻውን መኪናው ላይ ጫነልኝና ለመምህሩ ሆዴን አሞኛል፣ አልሄድም አላቸው። አይኑን እንኳ ወደኔ አላነሣም። ደሴቱን ከሐይቁ ዳር ሆነን አየነው፣ ወፎቹ ነጭ አድርገውታል። መምህሩ ስለ ወፎቹ ሲያስረዱ አንዱም ጆሮዬ አልገባ፤ የማስበው ወንድሜን ነበር።

ስመለስ ወንድሜን ለውትድርና ወስደውታል። እናቴ ተኝታለች፣ አባቴ ደጅ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ያጽናናቸው መስሎኝ የደበቅኩትን አወጣሁት፤ ሊጠፋ አስቦ እንደነበር፣ የቀረውም እሳቸውን ላለማሳሰር ብሎ እንደሆነ ነገርኳቸው።

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ሊጠፋ ማሰቡንማ አውቄ ነበር» አሉ። «እንዲሄድልኝ ብዬ እኮ ነው የፈረምኩት፣ ልጄ።»

ይህን ለወንድሜ የምነግርበት ቀን አልመጣም።