ላፕቶፑን አልለቅም ያለው ሃርድ ዲስክ

በኮምፒውተር ትምህርት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ላይ ለተማሪዎቼ የማስተምረው አንድ ሕግ አለ። ፍላሽም ሆነ ሃርድ ዲስክ ሳታሰናብቱ አትንቀሉ። ሰሌዳው ላይ በትልቁ እጽፈዋለሁ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰምርበታለሁ። ምክንያቱንም አስረዳለሁ። ኮምፒውተር ጽፎ የጨረሰ መስሎ ገና እየጻፈ ሊሆን ይችላል። በዚያች ቅጽበት ገመዱ ከተነቀለ የፋይሉ ስም ይቀራል፣ ውስጡ ግን ባዶ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ልነቅል ነው ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ እሱ ሲፈቅድ ትነቅላላችሁ።

«ባይፈቅድስ?» ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም፣ እስከዚያች የየካቲት አርብ ድረስ።

የማስተምረው ከገፈርሳ ግድብ አለፍ ብሎ ባሕር ዛፍ መሃል ባለ ትምህርት ቤት ነው። የምኖረው ቡራዩ ተከራይቼ ስለሆነ በየቀኑ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ለፈተና ሲመዘገቡ ፎቷቸውን የማስገባው እኔ ነኝ። ቡራዩ ያለው የትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ሃርድ ዲስክ ይሰጠናል፤ የምዝገባ ቅጹ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ቅጹ ወደ ሌላ ቦታ ሲገለበጥ ስለማይከፈት መመለስ ያለበት ዲስኩ ራሱ ነው። የመመለሻው ቀን አርብ ነበር፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።

ባለፈው ዓመት፣ እኔ ገና ሳልቀጠር፣ ይኸው ዲስክ በጥድፊያ ተነቅሎ ነበር። ጥቂት ፎቶዎች ተበላሹ። ብዙዎቹ ተገኝተው ተተኩ፤ የአንዲት ልጅ ግን ማንም ሳያየው አለፈ። በፈተናው ጠዋት ካርዷ ሲታደላት ፎቶ የለበትም። ከበር መለሷት። ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ተጽፎ እስኪደርስላት የመጀመሪያው ፈተና ከተጋመሰ ቆይቷል። አላለፈችም። አሁን ስምንተኛን ትደግማለች፤ የምትቀመጠውም ፊት ወንበር ላይ ነው።

አያቷ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ናቸው። ከአጥሩ ማዶ ያለው የድንች ማሳ የእሳቸው ነው። ስለዚያ ጉዳይ አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። የዚያን አርብ ግን ስምንት ሰዓት ሲሆን በሩን ዘግተው መጡና የመምህራን ክፍሉ ደፍ ላይ ቆሙ።

«አካም ኦልቴ ባርሲሳ!» አሉኝ። ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ ስሜን ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም።

«ደህና ዋልኩ አባባ። ጨርሻለሁ፤ ነቅዬ መሄድ ብቻ ነው የቀረኝ።»

አሁን ደግሞ ስለ ላፕቶፑ ላስረዳ። ቅዳሜ ዕለት፣ ሱሉልታ የሚኖር የኮሌጅ ጓደኛዬ መጥቶ አዲስ ሲስተም ጭኖልን ነበር። ሥራው ከጠዋት እስከ ምሳ ፈጀ። ላፕቶፑ እየጠፋ እየበራ ሲያስጨንቀን ቆይቶ በመጨረሻ አዲስ ልብስ የለበሰ መስሎ ተነሣ። እኔ ደስ ብሎኝ የማላውቀውን ሁሉ እየነካካሁ ሳለ፣ ከሁሉም ኋላ የሚታየውን የስክሪኑን ዳራ በየደቂቃው በሌላ ፎቶ የሚቀይር ነገር አገኘሁ። ወዲያው አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ረቡዕ ዕለት ዲስኩ ውስጥ ያለውን የተማሪዎቹን የፎቶ ማኅደር መረጥኩለት፤ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተር ጋር አገናኘሁና ፊታቸው በተራ በተራ ግድግዳው ላይ እንዲታይ አደረግሁ። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ፎቶ አይቶ እንዲያረጋግጥ ነው። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ያቺ ልጅ ብቻ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። ተራዋ ሲደርስ ተነሥታ ግድግዳው ድረስ ሄደች፤ አየችው፤ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

ወደ አርብ ልመለስ። የመጨረሻዎቹን እርማቶች አስገብቼ የዲስኩን ማሰናበቻ ተጫንኩ። አንድ ጽሑፍ መጣ። መሣሪያው ሥራ ላይ ነው፣ የከፈትከውን ዝጋና እንደገና ሞክር ይላል። የከፈትኩትን ሁሉ ዘጋሁ። እንደገና ሞከርኩ። መሣሪያው ሥራ ላይ ነው። አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። አሁንም ሥራ ላይ ነው። ምን ሥራ? ማንም ምንም እያሠራው አይደለም።

ወረቀት አወጣሁ። ግራ ሲገባኝ የምሞክረውን በተራ ቁጥር መጻፍ ልማዴ ነው። አንድ፣ ጸረ ቫይረሱ እየፈተሸው ይሆናል። አቆምኩት። አልሆነም። ሁለት፣ አዲሱ ሲስተም ፋይሎቹን እየመዘገበ ይሆናል። ያንንም አጠፋሁ። አልሆነም። ሦስት፣ ገመዱን ወደ ሌላ ቀዳዳ ላዛውረው። ለማዛወር ግን መጀመሪያ መንቀል አለብኝ! ሦስትን ሰረዝኩ። ሰባት ላይ ስደርስ ስክሪኑ እኔ በከፈትኳቸው መስኮቶች ተሸፍኖ ዳር ዳሩ ብቻ ይታይ ነበር።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ገብተው ከኋላዬ ቆመዋል።

«ያቺ ልጅ ሄደች» አሉ።

«የቷ?»

«እዚህ ጥግ ላይ የነበረችው። አሁን ወንድ ልጅ መጣ።»

«አባባ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ይታገሡኝ፤ እያሰብኩ ነው።»

«እሺ፣ አስብ።»

ሱሉልታ ደወልኩ። ጓደኛዬ ምንጊዜም የሆነ ነገር እያላመጠ ነው የሚያወራው።

«አፕግሬዱ ነው» አለኝ። «ከአፕግሬድ በኋላ እንዲህ ያደርጋል። አጥፋውና ንቀለው።»

«ላጠፋው ስል አፕዴት አድርጌ ልጥፋ ነው የሚለኝ። ሌላ ምርጫ የለም። ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደፈጀ አይተሃል።»

«እንግዲያው ዝም ብለህ ንቀለዋ! እኔ አሥር ዓመት ሙሉ ስነቅል ነው የኖርኩት።»

«ምንም ሆኖብህ አያውቅም?»

ማላመጡን አቆመ። «አንዴ» አለ። «የእህቴን የሠርግ ቪዲዮ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። የዲስኩ መብራት ብልጭ ትላለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ብልጭ ትላለች። እጄን ገመዱ ላይ አደረግሁ። ሽማግሌው እጄን እያዩት ነበር። መልሼ አነሣሁት።

«ባርሲሳ፣» አሉኝ፣ «ጥጃ ከእናቱ አልለይ ሲል ምን ይደረጋል?»

«አላውቅም አባባ።»

«ሁለቱን አንድ ላይ መንዳት ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረኝ ማስረዳት እወዳለሁ። የላፕቶፑ ባትሪ ማርጀቱን፣ ከግድግዳው ሶኬት ሲለይ ከሃያ ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ፣ መንገድ ላይ ቢጠፋ ዲስኩን በጉልበት ከመንቀል እንደማይለይ በዝርዝር ነገርኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«ቡራዩ በሚኒባስ ስንት ደቂቃ ነው?»

«መንገዱ ክፍት ከሆነ አሥራ አምስት።»

«ታዲያ ምን ቆመሃል?»

ከዚያ በኋላም ሌላ ዘዴ አገኝ እንደሆነ ብዬ አሥር ሰዓት እስኪሆን ሞከርኩ። የወረቀቱ ቁጥር አሥራ አንድ ደረሰ፤ ሁሉም ላይ የኤክስ ምልክት። በመጨረሻ ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው አስፋልቱ መሃል ቆሙና አንድ ሚኒባስ አስቆሙ። ሾፌሩ ሲቆጣ እሳቸው የባሰ ተቆጡት። እኔ ሶኬቱን ነቅዬ፣ ላፕቶፑን እንደተከፈተ ታቅፌ፣ ዲስኩን በአውራ ጣቴ ደግፌ ሮጥኩ።

ከሾፌሩ ኋላ፣ ጭናቸው ላይ የጎመን ዘምቢል ከያዙ ጠና ያሉ ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ።

«መምህር፣ ፊልም ነው? ወደኛም አዙርልን!» አለ ረዳቱ።

«ልጄ፣ ክዳኑን ብትዘጋው አይሻልም?» አሉኝ ሴትየዋ።

«ከዘጋሁት ይተኛል፣ እናቴ።»

«ይተኛና!»

ከተኛ ዲስኩ ምን እንደሚሆን እርግጠኛ አለመሆኔን፣ ሲስተሙ አዲስ ስለሆነ ባሕርዩን ገና እንዳላወቅሁት አስረዳኋቸው። ጎመኑን ወደ ጎን አደረጉልኝ። «እሺ፣ አይተኛ» አሉ።

ግማሽ መንገድ ላይ ቆምን። የጭነት መኪና ወደ ግቢ ሊገባ ወደ ኋላ እየሄደ መንገዱን ዘግቶታል። የባትሪው ምልክት ቀላ። ባትሪ ይቆጥብልኛል ብዬ የከፈትኳቸውን መስኮቶች ሁሉ አንድ በአንድ ዘጋኋቸው። ስክሪኑ ላይ የቀረው ፊት ብቻ ሆነ።

«ልጆችህ ናቸው?»

«ተማሪዎቼ ናቸው።»

«ያምራሉ። ይቺኛዋ ግን ተቆጥታለች።»

አየሁ። ያቺ ልጅ ነበረች። አልተቆጣችም፣ ፊቷ ነው፣ ልላቸው ስል ሄደችና ሌላ ልጅ መጣ።

«ማነው የሚቀይራቸው?» አሉ ሴትየዋ። «አንተ እንደሆንክ እጅህ አልነካውም።»

«ራሱ ነው የሚቀይራቸው» አልኩ፤ የሚያስረዱት ነገር ሲገኝ ድምፄ ይስተካከላል። «በየደቂቃው አንድ ፎቶ ያወጣል። ፎቶዎቹን የሚያወጣው ደግሞ ከዚህ ከ…»

ዓይኔ ገመዱ ላይ አረፈ።

«ከየት?»

«ከዲስኩ» አልኩ። «ከዚሁ ከዲስኩ።»

ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ማን እያሠራው ነው እያልኩ የፈለግሁት እኔን ራሴን ነበር። ረቡዕ ያዘዝኩትን ላፕቶፑ እስካሁን እየፈጸመ ነው። አሥራ አንድ ምክንያት ስጽፍ አሥራ ሁለተኛው ፊት ለፊቴ በየደቂቃው ይቀያየራል፤ ሽማግሌውም ነግረውኛል። እኔ ግን ይታገሡኝ አልኳቸው።

ዳራውን ወደ ተራ ሰማያዊ ቀየርኩት። ማሰናበቻዋን ተጫንኩ። መሣሪያውን መንቀል ይቻላል አለ።

«ለቀቀ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ማነው የለቀቀው?» አለ ረዳቱ። «ወራጅ ካለ በሥርዓት ይናገር!»

ሴትየዋ ምን እንደለቀቀ አልገባቸውም፤ ቢሆንም «ተመስገን» አሉልኝ። ገመዱን ነቅዬ ዲስኩን ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ላፕቶፑ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሳንደርስ ጠፋ።

ተቀባዩ ሠራተኛ ጃኬቱን ለብሶ ቁልፉን እያሽከረከረ ነበር። «የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። ዲስኩን ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ፣ ቅጹን እዚያው ዲስኩ ላይ ከፈተ፣ ሁሉም ገብቷል አለ። ከዚያም ሳያሰናብት ገመዱን ይዞ መንጭቆ ነቀለው።

«ኧረ!»

«ምን ሆንክ?»

«ሳታሰናብተው…»

«መምህር፣ ዛሬ ስንት ትምህርት ቤት ተቀብያለሁ መሰለህ? እያንዳንዱን ስሸኝ ልደር?»

 እንደገና ሰክቶ አንድ ፎቶ ብቻ እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ሰካው፤ የልጅቷን ቁጥር ነገርኩት፤ ፎቶዋ ተከፈተ። «ይኸው፣ ደህና ናት። በአንተ ነው የተቆጣችው?» አለና ዲስኩን ደግሞ መንጭቆ ነቀለው።

አሁን እንደገና ማየት አለብኝ ማለት ነው። እሱም ይህን ከፊቴ ላይ አንብቦ ወንበሩን ለቀቀልኝ። «ና፣ ራስህ ሸኘው» አለ። ተቀመጥኩ፤ ሰካሁ፤ ፎቶዋን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፤ ማሰናበቻዋን ተጫንኩ። ወዲያው ፈቀደልኝ። ሠራተኛው በሩን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሽማግሌው በሩ ላይ «ለቀቀ?» አሉኝ። መንገድ ላይ መልቀቁን፣ ጥፋቱም የሲስተሙ ሳይሆን የእኔ መሆኑን አስረዳኋቸው። የልጆቹን መቀያየር መጀመሪያ ያዩት እሳቸው እንደነበሩም አልደበቅሁም። «ታዲያ ነግሬህ ነበር እኮ» አሉና ወደ ድንቻቸው ሄዱ።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አይገባኝም። ያ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ መንጭቆ ሲነቅለው ምንም አልሆነም። ባለፈው ዓመት የነቀለው ሰውም እንዲሁ ብዙ ጊዜ ነቅሎ ምንም ሳይሆንበት ቀርቶ ይሆናል። ታዲያ ለተማሪዎቼ ምን ልበል? ሕጉን አሁንም ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ። ከሥሩ ሳሰምርበት ግን እጄ እንደ ድሮው አይጠነክርም።

የፈተና ካርዶቹ የመጡ ቀን ያደልኳቸው እኔ ነበርኩ። ልጅቷ የእሷን በሁለት እጇ ተቀበለች። ሌሎቹ የአንዳቸውን ፎቶ አንዳቸው እየነጠቁ ሲሳሳቁ እሷ መስኮቱ አጠገብ ሄዳ ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው። ከረቡዕ ዕለቱ የበለጠ ጊዜ ወሰደባት።

«አንቺ ነሽ?» አልኳት።

«እኔ ነኝ» አለች። ካርዱን ደብተሯ ውስጥ ከተተችና ለአያቷ ልታሳያቸው ወደ በሩ ሮጠች።